የአሥራ አንድ ዓመት ዝናብ በአራት ካሴት

ባለፈው ጥቅምት ለለቅሶ ወደ ደባርቅ ስንሄድ ሚኒባሱ ኮሶዬ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ እስኪቀይር ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምሁ። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር፤ ከመንገዱ በታች ያለው ገብስ ግን ዛላውን ደፍቶ ይታያል። ከእርሻው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ የንብ ይሁን የሰው እንጉርጉሮ የማይለይ። ወፍ እንዲያባርር ከእንጨት ወደ እንጨት የተወጠረ የካሴት ክር ነበር። ነፋስ ሲነካው ይጮኻል፤ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቢላዋ ስለት ያበራል። አብረውኝ የወረዱት ተሳፋሪዎች ደስ አላቸውና ስልካቸውን አውጥተው ቀረፁት። እኔ ጥርሴን ነክሼ ወደ መኪናው ተመለስሁ።

ወዳጄ፣ ያን ቀን ከጎኔ ተቀምጠህ «ምን ሆነህ ነው ፊትህ የተለወጠው?» ብለኸኝ አልመለስሁልህም። አሁን በቅደም ተከተሉ ልንገርህ። በቅደም ተከተል ካልሆነ መናገር አልችልም፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የመንግሥት ሥራ የሠራ ሰው ነኝ።

ወደ ጉዳዩ ያስገባኝ የራሴ ምኞት አልነበረም። በወጣትነቴ ጎንደር ከተማ ውስጥ የእርሻንና የውኃን መረጃ በሚሰበስብ አንድ መሥሪያ ቤት የስታቲስቲክስ ጸሐፊ ነበርሁ። አንድ የውጭ ፕሮጀክት ጊዜው አልቆ ሲሄድ ዕቃውን ለእኛ ትቶ ሄደ፤ ከዕቃው መካከል ዎርክስቴሽን የሚሉት፣ ዩኒክስ በተባለ ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒውተር ነበረበት። ሣጥኑ ጠፍጣፋና አመድማ ነው፤ ማሳያውን ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በስብሰባ ላይ «መመሪያውን ያነበበ አለ?» ተባለ። በምሳ ሰዓት ከዳር እስከ ዳር አንብቤው ስለነበር እጄን አወጣሁ። በሳምንቱ «ከመደበኛ ሥራዎ በተጨማሪ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ዕድሜዬ ሃያ አምስት ነበር፤ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ማሽኑን እንድይዝ ያስተማሩኝ የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ስለታም የሆነ ሴት። ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር አብረውኝ የቆዩት። ጧት ጧት የዚያ ክፍል ሽታ የሞቀ አቧራና ያልተጫሙት ጫማ ሽታ ነበር። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ብርሃኑ ማሳያው ላይ እያረፈ ፊደሉን ያጠፋብን ነበር፤ እሳቸው ነጠላቸውን መስኮቱ ላይ ይሰቅሉና «በል ተቀመጥ» ይሉኛል።

ያስተማሩኝን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። አዲስ ፕሮግራም ሲመጣ «አንብበኝ» የሚል ጽሑፍ አብሮት ይመጣል፤ «ስሙ ራሱ እየለመነህ አልፈኸው ከጫንህ የሚደርስብህ ሁሉ ይገባሃል» ይሉኝ ነበር። ማሽኑ ሁሉን ማድረግ የሚችል አንድ የበላይ ስም አለው፤ ሩት ይሉታል። በእሱ ስም የገባ ሰው የፈለገውን ይጭናል፣ የፈለገውን ይሰርዛል፤ የሚከለክለው የለም። «ለመጫን ብቻ ግባበት፤ እንደጨረስህ ውጣ። በሩት ስም ተቀምጦ ተራ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጥይት በጎረሰ ጠመንጃ ጥርሱን እንደሚፍቅ ነው።» ራሴ የምጨምራቸውን ፕሮግራሞች ከማሽኑ ዕቃ ጋር እንዳልቀላቅል፣ ለብቻቸው ጎጆ እንድቀልስላቸው አዘዙኝ፤ ማሽኑ ቢታደስ የእኔ እንዳይነካ፣ የእኔ ቢበላሽ ማሽኑ እንዳይታመም። መረጃውን በየሳምንቱ ካሴት ላይ እንድቀዳ፣ ቀድቼም መልሼ እንዳነብበው አስጠነቀቁኝ፤ «መልሰህ ያላነበብኸው ካሴት ተስፋ እንጂ ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አይባልም» አሉ። አንድ ቀን ደግሞ፣ ፋይል ስሰርዝ እጄ ሲፈጥን አይተው፣ እጄን በእርሳስ መቱኝ።

«ማሽን አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም አይጠይቅም። የመለስህለትን ግን ለዘላለም ያምንሃል። ‹እርግጠኛ ነህ?› እያለ ሁለት ጊዜ የሚጠይቅህ የወለደችህ ብቻ ናት።»

በመጨረሻው ቀን፣ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው የተናገሩት ግን ከሁሉ ይበልጣል፦ «አዲሱ በእግሩ ሲሄድ ሳታይ አሮጌውን ከእጅህ አታውጣ።» ይህን የነገሩኝ ስለ ፕሮግራም ነበር።

አንድ ወፍራም መዝገብ ከፈትሁ። የጫንሁትን ፕሮግራም፣ የመጣበትን ካሴት፣ የለወጥሁትን መስመር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍሁበት። ለሦስት ዓመት አንድ መስመር አልዘለልሁም። ዛሬ ማራኪ ሰፈር ያለውን ቤቴን የተከራዩት ተማሪዎች ስልኬ «ልታደስ» ሲለኝ መነጽሬን አድርጌ ማስታወቂያውን ሳነብ አይተው ይስቃሉ። «ጋሼ፣ እሺ በሉትና ይለፍ!» ይላሉ። ይሳቁ። እሺ የሚለው ቃል ምን እንደሚያደርግ እኔ አይቻለሁ።

አሁን ዝናቡን የሚለካውን ሰው ላስተዋውቅህ። ኮሶዬ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ መሥሪያ ቤታችን የተከለው የዝናብ መለኪያ ነበር፤ ውኃ የሚያጠራቅም ቆርቆሮና ቁጥር የተጻፈበት ብልቃጥ። ጠባቂው አንድ ገበሬ ነበሩ፤ እኛ ሁላችን አያ እንላቸዋለን። በየቀኑ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ብልቃጡን ያነብባሉ፤ ያነበቡትን በወር አንድ ጊዜ በምንሰጣቸው ቅጽ ላይ ይጽፋሉ፤ ወሩ ሲብት ጎንደር ወርደው ያስረክቡናል። ዳዊት የደገሙ ስለሆኑ ቁጥሩን የሚጽፉት በግዕዝ አኃዝ ነበር፤ እኔ እየመነዘርሁ አስገባዋለሁ። ዝናብ ባልጣለ ቀን የሚጻፈው ዜሮ በግዕዝ አኃዝ ውስጥ ስለሌለ «አልቦ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ የለም ማለት ነው። ጥርና የካቲትን በመሰሉ ደረቅ ወራት ቅጻቸው ከላይ እስከ ታች አልቦ፣ አልቦ፣ አልቦ እያለ ይመጣል፤ እያንዳንዱ አልቦ ግን በተሟላ እጅ ጽሕፈት ነው፤ ከላይኛው ጋር «ዝኒ ከማሁ» ብለው ያለፉበት አንድ ቀን አላየሁም።

«አያ፣ ከባዶው ቆርቆሮ ጋር ምን አለፋችሁ? ደረቅ መሆኑን ከቤት ሆናችሁ ታውቁት የለ?» አላቸው አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሊያናድዳቸው።

«አንተስ ከተዘጋው በር ምን ይዞህ ነው ስትጠብቅ የምታድር?» አሉት።

እሑድ ቅዳሴው በሦስት ሰዓት ካልወጣ ሾልከው ወርደው ለክተው ይመለሳሉ። የንስሐ አባታቸው «ምነው አያ፣ ከመስቀሉ በፊት ብልቃጡን ተሳለምህ?» ብለው እንደቀለዱባቸው ራሳቸው እየሳቁ ነግረውኛል። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለደመወዝ አልነበረም፤ በዓመት አንድ ጊዜ የዝናብ ልብስ ከመስጠት ያለፈ ያደረግንላቸው ነገር አልነበረም።

እንዲህ ያሉ የወረቀት ቅጾች የስምንት ዓመት ተከማችተው ነበር። ማሽኑ ሲመጣ ከአንዲት ጸሐፊ ጋር ሆነን አንድ በአንድ አስገባናቸው፤ ሁለት ክረምት ፈጀብን። የኋለኛው ሦስት ዓመት ሲጨመር አሥራ አንድ ሆነ። ከዚያ አለቆቻችን «ኮምፒውተር እያለ ወረቀት ምን ይሠራል?» ብለው መዝገብ ቤቱን የስብሰባ አዳራሽ አደረጉት። ወረቀቱ ለሠራተኞች ክበብ ምድጃ ማቀጣጠያ ሆነ። ተቃውሞዬን በጽሑፍ አቅርቤ ነበር፤ ደብዳቤዬም አብሮ ሳይነድ አይቀርም። ስለዚህ የኮሶዬ ዝናብ በዓለም ላይ የቀረው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ በማሽኑ ዲስክ ውስጥና እኔ በቀዳኋቸው አራት ካሴቶች ላይ።

ይህ ለምን እንዳስጨነቀኝ ይገባህ ዘንድ ስለ ግድቡ ልንገርህ። ለደጋው ቀበሌዎች አንዲት አነስተኛ ግድብ ልትሠራ ነበር። የት እንደምትሠራ የሚወሰነው በኅዳር ወር ነው፤ የሚቀርበው ቀበሌ ቢያንስ የአሥር ዓመት ተከታታይ የዝናብ መረጃ ማቅረብ አለበት። በዚያ ደጋ ይህ መረጃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። አያ ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲያ ያ ጽሑፍ ውኃ ሊሆን ነው?» አሉኝ።

«ሊሆን ነው አያ።»

«ሸጋ። በበጋ ሴቶቹ ገደሉን ወርደው ነው የሚቀዱት። የወንድሜን ልጅ ባለፈው ዓመት እዚያው አጥተናታል፤ ከነእንስራዋ።» ቅጹን በሁለት እጃቸው ሰጥተውኝ ሄዱ።

ያን ዓመት ነሐሴ አዲስ ኃላፊ ተሾመብን። መልካም ሰው ነው ይሉታል፤ ይበሉት። ለሥልጠና ሄዶ ሳለ የማሽኑን ሥርዓት አዲስ እትም አይቶ ኖሮ «በአሮጌ ሶፍትዌር ኅዳር ላይ እንግዳ አልቀበልም» አለ። የሚጭንልን ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። መታደሱን አልጠላሁም። ወዲያው ዝግጅት ጀመርሁ፤ የመጀመሪያው ዝግጅት ደግሞ ሁሉን ነገር በአዳዲስ ካሴት መቅዳት ነበር፤ ዲስኩም ሞልቶ፣ አሮጌዎቹ ካሴቶችም ቦታ ጨርሰው ነበርና። አራት ባዶ ካሴት እንዲሰጠኝ ጠይቄ ወደ ንብረት ክፍል ወረድሁ።

የንብረት ክፍሉ ሹም ጥብቅ ሰው ነበር። የእሱ መጋዘን የብረት መቆለፊያና የበረሮ ዱቄት ይሸታል። የመጋዘኑ ልማድ ደግሞ ይህ ነው፤ አሮጌውን ሳትመልስ አዲስ አይሰጥህም። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ትመልስና አዲስ ትወስዳለህ፤ የተቃጠለ አምፖል ትመልስና አዲስ ትወስዳለህ። የመጥረጊያው እጀታ እንኳ ይመለሳል።

«አሮጌው የታለ?» አለኝ።

«አሮጌው መረጃ አለበት። ሙሉ ነው።»

«ሙሉ ከሆነማ አገልግሎቱን ጨርሷል።»

«ወንድም ዓለም፣ ካሴት ሲሞላ ነው ዋጋ የሚኖረው። ባዶው ነው ፕላስቲክ። አምፖል አይደለም ይሄ።»

«ለእኔ ሁሉም አምፖል ነው» አለና መዝገቡን ዘጋ።

ሦስት ቀን ተመላለስሁ። በሦስተኛው ቀን እንዲህ ብዬ አሰብሁ፤ መረጃው በዲስኩ ላይ አለ፤ አሮጌዎቹን ባስረክብ ከመጋዘን አይወጡ፤ አዲሶቹን ተቀብዬ ዛሬውኑ እቀዳለሁ። አራቱን ካሴቶች አስረከብሁ፤ ፈረምሁ። በየጀርባቸው በቀይ ቀለም «ኮሶዬ፣ ዝናብ» ብዬ ጽፌባቸው ነበር። ሹሙ ተቀብሎ ከረጢት ውስጥ ከተታቸውና «አዲሱ ነገ፤ ኃላፊው ሲፈርሙ» አለኝ።

ወዳጄ፣ ስለ ሌሎች ብዙ ልቆጣ ነው፤ ግን ይህን በቅድሚያ እወቅልኝ፤ አሮጌውን ከእጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መሐንዲሷ በሩ ላይ ቆመው የነገሩኝን ያህል ግልጽ የሆነ ቃል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ቃሉ ለፕሮግራም ብቻ የተነገረ መሰለኝ።

በማግሥቱ ባለሙያው ደረሰ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ የተሰቀለ፣ ቁልፎቹን በጣቱ የሚያሽከረክር ጎረምሳ። ኃላፊው ራሱ ይዞት ገባ።

«ጌታዬ፣ ባክአፕ የለኝም» አልሁ። «አዲስ ካሴት እስኪወጣልኝ አንድ ቀን ብቻ።»

«ሰውየው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የአንተን ካሴት ሊጠብቅ ነው? አምጣ የምፈርመውን።» ለሦስት ቀን ያልተፈረመውን ወረቀት ቆሞ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፈረመልኝ።

«እስክመለስ እንዳይነካ ይዘዙልኝ» አልሁ።

«ሂድ እንጂ፤ ምነው ፈራህ!» አለ።

እየሮጥሁ ወረድሁ። መጋዘኑ ተቆልፏል፤ ሹሙ ለምሳ ወጥቷል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ከመጋዘኑ ጀርባ ዝግባ ነበር፤ ቁራዎች ይጮኹበታል፤ የዚያን ቀን ጩኸታቸው እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሹሙ በስምንት ሰዓት ተኩል መጣ፤ ወረቀቱን መረመረ፤ ፊርማው ከወትሮው ለምን እንደተጣመመ ጠየቀኝ፤ በመጨረሻ አራት ባዶ ካሴት ቆጥሮ ሰጠኝ። ላስቲካቸው እንኳ አልተቀደደም።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልሁ ስወጣ ባለሙያው ኮቱን ለብሶ ነበር። ማሳያው ላይ የማላውቀው ሰማያዊ መስኮት በርቷል። የሩት የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ኃላፊው ካዝና ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፤ ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ተቀድዶ አየሁት። ከሱ አጠገብ የፕሮግራሙ «አንብበኝ» ወረቀት ከነማሸጊያው ተቀምጧል።

«ተጫነልህ» አለኝ። «አሮጌው ቆሻሻ ብዙ ነበረበት፤ አጽድቼዋለሁ። አሁን እንደ አዲስ ነው።»

«ዲስኩን ሲጠይቅህ ምን አልኸው?»

«ምን ይባላል? እሺ ነዋ።»

«ስንት ጊዜ ጠየቀህ?»

ተገርሞ አየኝ። «እኔ ምን ቆጠርሁት።»

ተቀምጬ ፈለግሁ። ለፕሮግራሞቼ የቀለስሁላቸው ጎጆ የለም። የኮሶዬ ዝናብ የለም። ማሽኑ ትእዛዝ እስክሰጠው ትዕግሥተኛ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ቂም የማያውቅ ፍጡር። ባለሙያው ያን ዕለት ማታ አውሮፕላን ስለነበረበት ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። ኃላፊው «ምነው ፊትህን አጠቆርኸው? አሮጌዎቹ ካሴቶች የሉህም ወይ?» አለኝ።

አዎን፣ ነበሩኝ። በመጋዘን። ያ ሐሳብ ነበር ያን ማታ ያስተኛኝ። ግን ጧት ስወርድ ሹሙ የዓመት ፈቃድ ወጥቷል፤ ቁልፉም ከእሱ ጋር ነው። እንቁጣጣሽ አለፈ፤ መስቀል አለፈ። ተመለሰ ሲሉኝ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ደረስሁበት።

«አራቱ ካሴቶች የታሉ?»

«የትኞቹ?»

«እኔ ያስረከብሁህ። ቀይ ጽሕፈት ያለባቸው።»

መዝገቡን አወጣ። ጣቱን እያራሰ ገለጠ። «ፈቃድ ከመውጣቴ በፊት የማስወገድ ኮሚቴው ተሰብስቧል» አለና ቃለ ጉባኤውን አነበበልኝ፤ ያገለገለ ካሴት፣ ብዛት አራት፣ አገልግሎት የማይሰጥ፣ ተሰብሮ እንዲወገድ። መሰበር ያለበት ተመልሶ ለሽያጭ እንዳይወጣ ነው፤ ደንብ ነው። በመዶሻ ነው የሰበሩት። ባዶዎቹ ካሴቶች ግን ሁለት ደርዘን ያህል መደርደሪያው ላይ፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው በጨርቅ ተሸፍነው ተቀምጠው ነበር።

ጮኽሁበት። በሕይወቴ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምን እንዳልሁት አልደግምልህም። እሱ ግን አልተቆጣም፤ በእውነት ግራ ገብቶት ነበር። «ምነው ወንድሜ፣ ራስህ ፈርመህ ሰጠኸኝ እኮ» አለኝ። ፊርማዬን አሳየኝ። ፊርማዬ ያማረ ነበር።

ስብርባሪው የተጣለበት የጓሮ ክምር ላይ ሄጄ በእጄ ቆፈርሁ። የፕላስቲክ ሽፋኖቹን አገኘሁ፤ በአንደኛው ላይ «ዝናብ» የሚለው ቀይ ቃል ነበረበት። ክሩ ግን የለም። ዘበኛው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ክሩን ነው የምትፈልገው? አያ የኮሶዬው ወረቀቱን ሊያመጣ መጥቶ አየውና ‹ይኸ ለገብስ ወፍ ሸጋ ነው› ብሎ ለመነኝ። የተጣለ ነው ብዬ ሰጠሁት። አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋህም» አልሁት። ከዚያ ግቢ ውስጥ ያላጠፋ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በማግሥቱ በጭነት መኪና ኮሶዬ ወጣሁ። ክሩ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ይሆናል፤ ተጠንቅቄ ብጠቀልለው፣ ሌላ ሽፋን ውስጥ ባስገባው፣ ቢያንስ ግማሹን ማሽኑ ያነብበዋል እያልሁ ነበር የሄድሁት። የመሐንዲሷ ተማሪ ነኝ፤ ሳላረጋግጥ ተስፋ አልቆርጥም።

ከመኪናው ሳልወርድ ነው የሰማሁት። ያው ድምፅ ነበር። የአያ ገብስ መንገዱ ዳር ነው፤ ክሩ ከዳር እስከ ዳር በአሥር ቦታ ተቆርጦ፣ እየተቋጠረ፣ ከእንጨት ወደ እንጨት ተወጥሯል። ከመስቀል በኋላ የዘነበ ዝናብ ሁሉ ወርዶበታል። ፀሐይ የመታው ወገኑ ቡኒ ልብሱ ተልጦ እንደ መስታወት ያሳልፋል። አሥራ አንድ ዓመት የተለካው ዝናብ፣ በዘነበበት ቦታ ላይ ተዘርግቶ፣ በዝናብ ታጥቦ፣ በነፋስ ይጮኽ ነበር። እርሻው ጠርዝ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ እንባው የኀዘን አልነበረም፤ የንዴት ነው።

አያ ከማሳው ውስጥ ባርኔጣቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«እንዴት አደርህ ልጄ! ምነው ሰው ሳትልክ፣ አንተው መጣህ? አየኸው የመሥሪያ ቤታችንን ክር? አንዲት ወፍ አላረፈችም። ጎረቤቶቼ ቀንተዋል፤ የመንግሥት ወፍ ጠባቂ አለው እያሉ።»

ስለ ክሩ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። ፊታቸውን አየሁና ዘጋሁት። ከዚያም በኋላ አልነገርኋቸውም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሲያርፉም አያውቁትም ነበር። ስለ ጽሑፉ ግን መዋሸት አልቻልሁም።

«አያ፣ የዝናቡ ጽሑፍ ጠፍቷል። ሁሉም። ለኅዳር የማቀርበው የለኝም።»

ወደ መለኪያው ዞረው አዩ። ክሩ ይጮኻል።

«ምነው?» አሉ። «እኔ እኮ አንድም ቀን አላጎደልሁም።»

«አላጎደላችሁም።»

«የታመምሁ ጊዜ እንኳ ሚስቴ እየለካች እኔ ተኝቼ ነው የጻፍሁት። እሱን ነግሬህ ነበር?»

«ነግራችሁኛል አያ።»

ማን እንዳጠፋው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እኔ ነኝ እል ነበር። ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ፤ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። ትተውኝ ወደ መለኪያው ወረዱ። ጎንበስ ብለው ብልቃጡን በዓይናቸው ትክክል አደረጉ፤ አነበቡ፤ ውኃውን መሬት ላይ አፈሰሱ፤ ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ምራቃቸውን ነካ አድርገው ጻፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንድ ብለናል» አሉኝ።

እኔም የማስታውሱትን ያለፈ ዝናብ ሁሉ እንዲነግሩኝ ጠይቄ ቁጭ ብዬ ጻፍሁ። በሚሊ ሜትር አልነበረም፤ የትኛው ዓመት በሥላሴ ዕለት በረዶ እንደወረደ፣ የትኛው ዓመት እስከ ፍልሰታ ሰማዩ እንደተዘጋ፣ የትኛው ዓመት ሙሽራ በጎርፍ ማዶ ስትጠብቅ እንደዋለች። አሥራ ሁለት ገጽ ሆነ። ንጹሕ አድርጌ ገልብጬ ከማመልከቻው ጋር አያይዤ አቀረብሁ፤ የሚቀበለው እንደሌለ እያወቅሁ።

ከዚያ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። መዝገቤን አቀረብሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልተዘለለበትን። ሰብሳቢው አገላብጦ አየና «እጅ ጽሕፈትዎ ጥሩ ነው» አለኝ። ባለሙያው በደብዳቤ ተጠይቆ «በታዘዝሁት መሠረት ጭኛለሁ» ብሎ መለሰ። የንብረት ክፍሉ ሹም ደንብ በመጠበቁ ነፃ ወጣ። ኃላፊው አልተጠየቀም።

ውሳኔው በአንድ ቀን በሁለት ደብዳቤ ወጣ። አንደኛው «ያገለገሉ ካሴቶችን ይዘታቸውን ሳያሳውቁ በማስረከብዎ» የሚል የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ለእኔ። ሁለተኛው የኮሶዬ ጥያቄ «የተጠየቀው የዝናብ መረጃ ተሟልቶ ባለመቅረቡ» ውድቅ መሆኑን፣ ግድቡም ወደ ሌላ ወረዳ መዛወሩን የሚገልጽ ነው። አሥራ ሁለቱ ገጾች «ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌላቸው» ተብለው ተመለሱልኝ።

ሁለቱንም ደብዳቤዎች አስቀምጫለሁ። አብሯቸው አያ የዚያን ወር ያመጡት ቅጽ አለ፤ እንደ ደንቡ ከሆነ መሥሪያ ቤት ሊቀር የሚገባው ነበር፤ ከአገልግሎቴ ሁሉ ያለ ንብረት ማውጫ ሞዴል ያወጣሁት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። የደብዳቤዎቹ ቀን ታኅሣሥ ፲፪ ነው። በቅጹ ላይም ታኅሣሥ ፲፪ አለ፤ ከትይዩው፣ በተሟላና በማይቸኩል እጅ ጽሕፈት፦ አልቦ።